ለሳነቴ ሃያ ደቂቃ ስጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት እየጠገንኩ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከሱቄ ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ነው፤ ቆሎ ሳይጠቀለልበት ከደረስኩ ማለቴ ነው። ስለ ባሌ ተራሮች የሚጻፈውን ግን ቆሎውን አራግፌም ቢሆን አነባለሁ። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ወደ አንድ እያደላ መጥቷል፤ ሎጅ ይሠራ፣ መንገዱ ይስተካከል፣ ቱሪስት ይምጣ። መንገዱ ይስተካከል በሚለው እስማማለሁ፤ ቸርኬ የሚያጣምም ጉድጓድ ለእኔ እንጀራ ቢሆንም። ሳነቴ የተባለውን የፓርኩን ከፍተኛ አምባ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ መኪናው በምን ያህል ፍጥነት ይሂድ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስቀድም። የእህቴ ልጅ ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ከተማ ባለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ብስክሌቷ እዚያ እንዲሆንላት ስለፈለገች አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ጭነንላት ነበር። ረዳቱ ለብስክሌቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለና ፖርቶ መጋላው ላይ ከጆንያ ሥር አስተኛው። ሮቤ ሲወርድ የፊት ቸርኬው ስምንት ሠርቷል። ዘንድሮ ለእረፍት ይዛው መጥታ የመመለሻዋ ጊዜ ሲቃረብ፣ «አጎቴ፣ ለምን እየነዳነው አንሄድም?» አለችኝ። ሳቅኩባት። ማታ ላይ ስልኬን አውጥቼ መንገዱን ሳየው ሳቄ ጠፋ፤ በማግስቱ የሁለታችንንም ማርሽ መፍታት ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከፊት ያለው ትንሹ ጥርስ 22፣ ከኋላ ያለው ትልቁ 34 ሲሆን፣ ፔዳሉን አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ ብስክሌቱ የሚሄደው ከአንድ ሜትር ከሠላሳ ብዙም አይበልጥም። እግረኛ ይቀድማችኋል። ግን አያቆምም፤ ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው። የጎን ሻንጣዎቹን ከድንኳን ሸራ አሰፋሁ፤ የፍሬን ሸራ፣ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መለዋወጫ ሰንሰለት ያዝን። የመንገዱን ሁኔታ በየከተማው እየጠየቅን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እያደርን መሄድ የእህቴ ትእዛዝ ነበር፤ እኛም አከበርነው።

ጉዞው ኅዳር ላይ ነበር፤ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ። ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ ያለው ዳገት ከ2,600 ሜትር በላይ ያወጣል፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ዳገት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዶዶላና አዳባ ድረስ የሚያስቸግረው ኮምባይነር ነው። ማጨጃውን ከፊቱ አንግቦ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ይመጣል፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ቦይ ውስጥ ገብቶ ያሳልፈዋል። ፈረሰኞች ደግሞ አሉ። በአርሲና በባሌ ፈረስ ዛሬም መጓጓዣ ነው፤ ብስክሌት ሲያዩ ይሽቀዳደማሉ፤ ሜዳ ላይ እናሸንፋቸዋለን፣ ዳገት ላይ እየሳቁብን ያልፋሉ።

ልጆቹማ! ሄልሜት ያደረገ ሰው ሁሉ ፈረንጅ ነው። የእህቴን ልጅ «ፈረንጅ!»፣ እኔን «ቻይና!» እያሉ ይከተላሉ፤ ከዚያ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይቀጥላል፤ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ስጡን ማለታቸው ነው። እሷ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው ክው ብለው ይቆማሉ፤ ቀጥሎ ብስክሌቱን ለመግፋት ይሽቀዳደማሉ። ብስክሌት የውጭ ሰው ጨዋታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከልጆቹ አልፎ ትልልቆቹም ዘንድ አለ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ በፊት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ አገራችን ብስክሌተኞች አሰልፋ እንደነበር ስንቱ ያውቃል? ይህ የዛሬው ጉዳዬ ስላልሆነ ልለፈው።

ከአዳባ በኋላ መንገዱ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። በአዳባ አቅራቢያ መልካ ዋቀና አለ፤ ዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው 153 ሜጋ ዋት ማመንጫ። ይህን የማነሣው ተራራው የፓርኩ ጎረቤቶች ብቻ እንዳይመስለን ነው። ዌብ፣ ወልመል፣ ዱማል የሚባሉት ወንዞች የሚነሡት ከዚያው ነው፤ እስከ ሶማሌ ክልልና ከዚያም ወዲያ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሚሊዮኖች የሚጠጡት የዚህን ተራራ ውኃ ነው።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ከዲንሾ በፊት መንገዱ በጋይሳይ ሜዳ መካከል ያልፋል። እዚያ የደጋ አጋዘን አየን፤ በዐሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እሱ ነው። ዐሥር ሳንቲም ከእጃችን ጠፍታለች፤ አጋዘኑ ግን ጋይሳይ ላይ በመንጋ ቆሞ ይግጣል። ከርከሮዎቹ ደግሞ በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይነቅላሉ። የእህቴ ልጅ ልብ ያለችውን ነገር እዚህ ልጻፍ፤ የደብዳቤዬ መነሻ የሆነው እሱ ነውና።

እኛ በብስክሌት ስንመጣ አጋዘኖቹ ከሩቅ ቀና ብለው አዩን፤ ጆሯቸውን አቁመው አጠኑን፤ ጠጋ ስንል ወደ ውስጥ ፈቀቅ አሉ። ወዲያው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አቧራውን አስነሥቶ በአጠገባቸው አለፈ። አንዷ እንኳ ቀና አላለችም። «አጎቴ፣ እኛን ፈርተው መኪናውን እንዴት አይፈሩም?» አለች። ሰው ሲያድናቸው የኖረው በእግሩ ነው፤ መኪናን ግን ሲያልፍ ብቻ ስለሚያዩት ለምደውታል። የለመዱት ነገር ደግሞ ሲገድላቸው አያስጠነቅቃቸውም።

ሮቤ ደርሰን ሻንጣዋን ማደሪያዋ አስቀመጠች። ምዝገባው ገና ቀናት ይቀሩት ስለነበር ጎባን አልፈን ሳነቴን ልናቋርጥ ተነሣን። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ላይ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አምባው ላይ ሲደረስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስገባው ከመቶ ስድሳው ያህል ብቻ ነው። ሐዋሳ የለመደ ሳንባ ይህን በቁጥር ሳይሆን በጉልበቱ መክዳት ያውቀዋል። ጥቂት እንነዳለን፣ እንወርዳለን፣ እንገፋለን፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን በሶ እንበጠብጣለን። ጽዱና ኮሶው መጀመሪያ ይቀራል፤ ቀጥሎ አስታ፣ አምጃ፤ በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፍቶ ጅባራ ብቻ ቆሞ ይቀበላል።

የብስክሌትን ጥቅም ሰው ሲጠይቀኝ ጤና፣ ነዳጅ ቁጠባ እያልኩ እመልስ ነበር። ሳነቴ ላይ ሌላ መልስ አገኘሁ፤ ብስክሌት የያዘ ሰው መንገዱን ያየዋል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው አድማስ ነው። እኛ በሰዓት ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቅን ከፊት ጎማችን ሥር ያለውን እያንዳንዱን ጠጠር እናያለን፤ ጠጠሩ ላይ የተለጠፈውንም። የተጨፈለቀ ፍልፈል፣ የተጨፈለቀ ጥንቸል፣ እንደገና ፍልፈል። መጀመሪያ የእህቴ ልጅ እየወረደች በእግሯ ወደ ዳር ታደርጋቸው ነበር። እየበዛ ሲመጣ ተወችው።

ስለዚህ ፍልፈል ትንሽ ልቆይ። የእኛ የጓሮ ፍልፈል አይደለም፤ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ትልቁ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ዓይኖቹ ከራሱ ላይ ናቸው። ቀን ቀን ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ሣር ያጭዳል፣ ወደ ኋላው እየሸሸ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መንገድ ዳር አፈሩ የተቆፈረና የላላ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ጉድጓዱን እዚያ ያበዛዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ፊንጫ ሀበራ በተባለ የባሌ የድንጋይ ጥላ ሥር፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበርና ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። በዚያ ከፍታ ሰው እንደኖረ ከሚያሳዩት የዓለማችን ማስረጃዎች ቀደምቱ ተብሏል። የጥንቶቹ ሰዎች ያልጨረሱትን እኛ ሳንበላው በጎማ እንጨርሰዋለን ማለት ነው።

ፍልፈሉ ባለበት ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይነገራል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ የሌሊት አውሬ አይደለም፤ የሚያድነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ምክንያቱም ቀለቡ፣ አይጥና ፍልፈል፣ የሚወጣው ቀን ነው። ስለዚህ መኪናው በሚበዛበት ሰዓት፣ ፍልፈሉ በሚበዛበት በመንገዱ ዳር፣ ቀይ ቀበሮው ይቆማል። አንዱን አይተነዋል። ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጆሮውን ወደ አንድ ጉድጓድ ቀስሮ ቆሟል። እኛን አይቶን ነበር፤ ገልመጥ አድርጎን ወደ ሥራው ተመለሰ። ብስክሌታችንን ጋደም አድርገን ተቀመጥን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አንድ ፒክአፕ ከቱሉ ዲምቱ ተራራ በኩል መጣ። ፍጥነቱን በመሣሪያ አልለካሁም፤ ነገር ግን ጠጠሩ እኛ ጋ ሳይደርስ ከሩቅ ሲረጭ ይሰማ ነበር። ቀበሮው ያን ጊዜ ጉድጓዱን ትቶ መንገዱን ሊሻገር ተነሥቷል። የእህቴ ልጅ ጮኸች። መሀል መንገድ ሲደርስ ዘወር አለና ተመለሰ፤ ፒክአፑ በዚያው ፍጥነት አለፈ። ፍሬን አልያዘም፤ ሹፌሩ ያየው አይመስለኝም። አቧራው ሲጠራ ቀበሮው ወደ ላይኛው ተረተር እየሮጠ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ያደፈጠው ድካም ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ ለእሱ ያ ምሳው ነበር።

ሌሊቱን ለጥበቃዎቹ ቤት ጠጋ ብለን በድንኳን አደርን። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የውኃ መያዣችን ውስጥ ያለው በረዶ ሆኖ ነበር፣ የማርሹ ገመድም ደርቆ እምቢ አለኝ። እጄን በሻይ ብርጭቆ አሙቄ ነው ያላላሁት። ከጥበቃዎቹ አንዱ እኛ ስላየነው ነገር ስንነግረው አልገረመውም። ስለ ውሻ በሽታ የበለጠ ይጨነቃል፤ እውነቱን ነው፣ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተለያዩ ዓመታት በጅምላ ጨርሷቸዋል። እዚህ ላይ ለተሳፋሪ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል፤ ከመስኮት የምትጥሉት የዳቦ ቁራሽና የሥጋ አጥንት ውሻውን መንገድ መንገዱን ይዞ ወደ አምባው እንዲወጣ ያስለምደዋል።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ብስክሌቱን ገፍተን ወጣን፤ 4,377 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ የቴሌ አንቴና አለ። ፎቶ ተነሥተን ወረድን።

ከአምባው ወደ ሐረና ደን የሚወስደው ቁልቁለት ግን በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም፤ ሄዳችሁ እዩት። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ ደመናው ከእግራችሁ ሥር ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደመናው ይገባል፤ ጅባራው ያልቃል፣ ሽበት ያንጠለጠለ አስታ ይጀምራል፤ ቀርቀሃው ይከተላል፣ ከዚያ ኮሶና ዝግባ። ፍሬኑን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጨምድዶ መያዝ ክልክል ነው፤ ፊቱን ትንሽ፣ ኋላውን ትንሽ፣ እያፈራረቁ። ቸርኬው ሲነካ ያቃጥላል። በየመታጠፊያው እየቆምን አቀዘቀዝነው፤ ያም ሆኖ እሷ አዲስ ያስገባሁላትን የፍሬን ሸራ ግማሹን ጨረሰችው።

በደኑ ውስጥ ባለችው ሪራ መንደር ያሳደሩን እናት ቡናቸው የሐረና ጫካ ቡና ነው፤ ማንም ያልተከለው፣ ከደኑ ውስጥ የሚለቀም። ከገብስ ቂጣና ከማር ጋር ሰጡን። ዛፎቹ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ብዛት ይገርማል። ባለቤታቸው ብስክሌቶቹን ከከብቶቹ ጋር ቤት ውስጥ አሳደሩልን፤ ጥጃዋ የእኔን መቀመጫ ስትልሰው አደረች። ሒሳብ ስንጠይቅ ተቆጡ፤ በመጨረሻ የልጃቸውን የተበላሸ ብስክሌት ጠግኜላቸው ታረቅን። በማግስቱ በጫካው ውስጥ ወደ ደሎ መና ወረድን። እዚያ ሙቀት ነው፤ ትናንት በረዶ የጠጣ ሰው ማንጎ ይበላል።

መመለሻችን በጭነት መኪና ነበር፤ የምዝገባው ቀን ደርሶ ስለነበር። አንድ የኤፍኤስአር ሹፌር ብስክሌቶቹን በገመድ አስሮ፣ እኛን ጋቢና አስገብቶ ወደ ጎባ ይዞን ወጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ለጫነበትም በደንብ ተግባብተን ከፈልን። አምባው ላይ ሲደርስ ግን መሬቱ ሜዳ ሆነለትና ለቀቀው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ትናንት ከብስክሌት ላይ ያየሁትን መንገድ ከጋቢና አላየሁትም። የሞተው ፍልፈል፣ ጉድጓዶቹ፣ ሣሩ ውስጥ የሚሸሹት አይጦች፣ አንዱም የለም። ከፊቴ ያለው ቡናማ ሜዳና ሰማይ ነው። ቀይ ቀበሮ ቢኖር ቀይ ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡ ቀበሮ መሆኑ እስኪታወቅ ደግሞ ደርሰንበታል።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቀስ ብትል» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ቀስ ብል ከኋላዬ ያለው ይቀድመኛል። ጎባ ቀድሞ የደረሰ ነው ጭነት የሚያገኘው» አለኝ። «እኔም አውሬ መግጨት አልወድም። ባለፈው ጥንቸል ገጭቼ ውሎዬ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር።»

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያልፋል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ብንሰጠው፣ ደረቅ ጠጠር ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም በግምት 70 ሜትር ይፈልጋል። በ40 ከሄደ ግን 24 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ መቆሚያው ከግማሽ በታች፣ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ብስክሌትም ይሁን ኤፍኤስአር ሕጉ አንድ ነው። ሃያ አራት ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ በዓይን ይታያል፤ ለቀበሮውም ለሹፌሩም ጊዜ አለ። አሁን ደግሞ ሹፌሩ የሚያጣውን እንይ። ሜዳማውን የአምባውን መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። በ80 ከተነዳ 22 ደቂቃ ተኩል፣ በ40 ከተነዳ 45 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ሃያ ምናምን ደቂቃ። ጎባ ደርሶ ማራገፊያ እስኪያገኝ የሚቆመውን ሰዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም ነው።

በሰሌዳ ብቻ ግን አይሆንም። ሰሌዳ ከነፋስ ጋር ሲጣላ ይኖራል እንጂ መኪና አያቆምም። ጉብታ መሥራትም ጠጠር ላይ አያዋጣም፤ በአንድ ክረምት ይጠረጋል፣ ሹፌሩም ከጎኑ ሌላ መንገድ ያወጣል፤ ሣሩ የባሰ ይጎዳል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ካሜራም ራዳርም የማይጠይቅ ነው። ከአምባው በሁለቱም ጫፍ፣ በጎባ በኩልና በሪራ በኩል፣ አንድ አንድ ሰው ይቀመጥ። ለሚገባው መኪና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይስጠው፤ ሲወጣ ሌላኛው ይቀበለው። መንገዱ በ40 የሚወስደው ጊዜ ይታወቃል። ቀድሞ የደረሰ መኪና ገንዘብ አይቀጣ፤ ቅጣት ባለበት ድርድር አለ። የቀረውን ደቂቃ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ፣ በቃ። ያተረፈውን ጊዜ እዚያው ይመልሰዋል። አምቡላንስ ብቻ ይለፍ።

ይህን ሐሳብ እዚያው ጋቢና ውስጥ ለሹፌሩ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ሁላችንም የምንጠብቅ ከሆነ እኮ የሚቀድመኝ የለም!» አለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ደግሞ እኔ ያላሰብኩት ነበር፤ በ40 ቢነዳ ጎማው ይበልጥ ይቆይለታል፣ ባሌስትራውም ቶሎ አይሰበርበትም፤ ለዚያ የሚያወጣውን ገንዘብ በየወሩ ለሚስቱ ማስረዳት ሰልችቶታል። የጎማ ነገርማ ለእኔ አይነገረኝም። በተሳለ ጠጠር ላይ ጎማ የሚበላው ርቀት ብቻ አይደለም፣ ፍጥነት ነው።

የሚያስፈልገው ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰዓትና ደብተር ነው። ሪራ ላይና ጎባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፤ ደመወዙ ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ቢሸፈን አይከብድም። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ለመንገዶች አስተዳደር ይህን በትሕትና አቀርባለሁ፤ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበራትም ቢመክሩበት፣ ሹፌሮቹ እንደሚፈራው እንደማይቃወሙት ከጋቢናው ወሬ ተረድቻለሁ። አንድ ሰው «ደሎ መና ያለ ሕዝብ ለቀበሮ ብሎ ይዘገያል ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቆላው ሰው ለሕክምናም ለገበያም ያለው መንገድ ይኸው ነው። መንገዱ ይዘጋ ያለ ሰው ቢኖር እኔም እከራከረዋለሁ። እኔ የጠየቅኩት የቡና አንድ ሲኒ ጊዜ ነው።

ሌላው፣ በየከተማው የብስክሌት መንገድ እየተሠራ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ሱቄም ደስ ብሎታል። ነገር ግን ብስክሌት ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝበት ሥርዓት የለም። የአውቶቡስ ባለንብረቶች ፖርቶ መጋላው ጫፍ ላይ ሁለት መንጠቆ ቢያስበይዱ፣ ተመንም ቢያወጡለት፣ ረዳትና ተሳፋሪ አይጨቃጨቁም። መንጠቆውን እንዴት እንደሚበየድ ለሚጠይቀኝ ባለ አውቶቡስ ሥዕሉን እሰጣለሁ፤ ሒሳብ አልጠይቅም።

የእህቴ ልጅ ተመዝግባለች፤ ብስክሌቷም በሰላም ግቢ ገብቷል፤ ጓደኞቿ እየተዋሱ የኋላ ጎማዋን እየጨረሱባት ነው አሉ። ሳነቴን በብስክሌት ለመሻገር የሚያስብ ካለ ሐዋሳ ሲያልፍ ጎራ ይበል። ማርሹን በነፃ አየዋለሁ፤ ዕቃ ካስፈለገው ግን ይከፍላል።

ከአክብሮት ጋር
ብስክሌት ጠጋኙ አንባቢያችሁ
ሐዋሳ